ታላቅ ይቀድማል፦ የሁለት ፔዳሎች ጉዳይ

ቅዳሜ፣ ማርች 8፣ 2014። ከቀትር በኋላ።

ደብተሬ ሆይ፣ ቁምና ስማ። የጊታሬ ዲስቶርሽን ፔዳል ከዛሬ ጀምሮ ብቻውን አይኖርም። ኮምፕረሰር መጥቶለታል። ከማሪዬታ ከተማ የተገዛ፣ ያገለገለ፣ ሆዱ ላይ የሰው ማስቲካ ተጣብቆበት። በቢላ ፋቅኩት።

ምክንያቱ ጋሽ ታምሩ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ የመዘምራን ኃላፊ። ነገ የጊታር የመጨረሻ ዕድል ነው ብለዋል፤ ካስጮህኩ ኪቦርድ ብቻ። ኪቦርዲስቱ ሚኪ ደስታውን ሊደብቅ እንኳ አልሞከረም፦ «ብሮ፣ ያ ነገር ጊታር ነው ብሌንደር?»

የሥራ ክፍፍል። ዲስቶርሽን ድምፅ ያሻክራል። ኮምፕረሰር የጮኸውን ይጫናል፣ ያነሰውን ያነሳል። ሻጩ የጊታሩ ድምፅ መጀመሪያ በኮምፕረሰሩ ይለፍ፣ እሱ ከፊት ይሁን አለ። ናቅኩት። በእኛ ዘንድ ታላቅ ይቀድማል። ዲስቶርሽኑ ስድስት ዓመት አገልግሏል፤ ዛሬ የመጣ፣ ከነማስቲካው፣ ሊቀድመው? ኮምፕረሰር ከኋላ። ተወስኗል።

እሁድ፣ ማርች 9። ከአምልኮ መልስ፣ መኪና ውስጥ።

መዝሙሩ ሰላም። ከዚያ የጽሞና ጸሎት። እጄን ከክሩ አነሳሁ። ጸጥታ። ኮምፕረሰሩ የሚጫነው አጣ፤ ያገኘውን ማንሳት ጀመረ። ያገኘው የዲስቶርሽኑን ትንፋሽ ነው። ሽሽሽ… እያደገ። አዳራሹን ሞላ።

እትዬ ዘነበች ከፊት ወንበር ተነሱ፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት። «ነፋሱ መጣ፣ ወገኖቼ፣ የመንፈስ ነፋሱ።» ሕዝቡ ተከተለ። እልልታ። ለቅሶ። ፔዳሉን አንዴ ብረግጠው ይጠፋ ነበር። እግሬ እምቢ አለ።

ሲያልቅ ጋሽ ታምሩ እያለቀሱ አቀፉኝ። ጊታሩ ይቀጥላል። ሽቶአቸው እስካሁን ሸሚዜ ላይ አለ። ያንገሸግሸኛል።

ለመዝገብ ያህል፦ ድምፁ የመጣው ከሚኪ ኪቦርድ ገመድ ነው። ጉዳዩ ተዘግቷል።

ረቡዕ፣ ማርች 12።

ቤት ሞከርኩ። ኮምፕረሰሩ ከፊት፦ ትንፋሹ በረደ። ከኋላ፦ ሽሽሽ። የሚኪ ገመድ ንጹሕ ነው። ቆሻሻው ሌላ ነው፤ ጠዋት ጢሙን ሲላጭ መስታወት ውስጥ አየሁት።

ዓርብ፣ ማርች 14። ሥራ ቦታ፣ ብሬክ ላይ።

ሚኪ ደወለ። አልቀለደም። እትዬ ዘነበች ተፈውሻለሁ ብለው የጉልበት ኦፕሬሽናቸውን ካንስል አድርገዋል። ወራት የጠበቁትን ቀጠሮ። ደረጃ ሲወጡ ግን ዛሬም ግድግዳ ይዘው ነው አለኝ። ምሳዬን ጣልኩት።

ቅዳሜ፣ ማርች 15። ስኮትዴል።

እትዬ ዘነበች ደጅ ፓርክ አድርጌአለሁ። ጊታሩና ማጉያው ከኋላ ወንበር፣ ፔዳሎቹ ጭኔ ላይ። ሳሎናቸው ውስጥ ሰክቼ ያንኑ ሽሽሽ አሰማቸዋለሁ፤ ከዚያ ቀጠሮውን እናስመልሳለን። ከመውረዴ በፊት አንድ ሥራ ይቀራል።

እርማት። በማርች 9 ማስታወሻ «ድምፁ የመጣው ከሚኪ ኪቦርድ ገመድ ነው» የተባለው ስህተት ነው። «ከእኔ ነው» ተብሎ ይነበብ። እርማቱ ነገ ከመዝሙር በፊት በማይክ ይነገራል፤ ጊታሩ ቢቀርም ይቅር። እንዲሁም በማርች 8 «ታላቅ ይቀድማል» የተባለው ለፔዳል አይሠራም። ለእትዬ ዘነበች ይሠራል፦ ከጋሽ ታምሩም ከሕዝቡም በፊት የሚሰሙት እርሳቸው ናቸው።