ማክሰኞ የሚከፈተው ድልድይ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለኤኮው፤

ባሕር በመካከላችን ቢተኛም ሰላምታዬ ሳይረጥብ ይድረስህ። በፑዋንት ኑዋር እንዴት ከርመሃል? ዝናብ ሲጀምር የሚነሣብህ የወገብ ሕመም ተሻለህ? ባለቤትህ ክላሪስ ደህና ናት? የእናታችንን ስም የወረሰችው ትንሿ አዶማስ? ባለፈው ሁለት ጥርስ አወጣች ብለህ ጽፈህ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዓመት ስላለፈ አሁን መንጋጋም ሳታበቅል አትቀርም። እንቅልፍህስ፣ ሥራህስ፣ ጎረቤቶችህስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ዓይኗ ቢደክምም ጆሮዋ አሁንም የሰፈሩን ወሬ አያሳልፍም። እኔም ጤነኛ ነኝ፤ ብስጭት እንደ በሽታ ካልተቆጠረ።

ዋናውን ነገር ላስቀድም። በሐምሌ የላክሁልህን ወረቀት አትፈርምበት። ፈርመህበት ከሆነም አትላከው። የአባባን ታንኳ፣ «ነገም ቀን ነው»ን፣ የወደብ ልማት ቢሮው ለጌጥ እንዲወስዳት የሚፈቅድ ወረቀት ነው። አባባ ለሁለታችን ስለተዋት የሁለታችን ፊርማ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ የእኔን አኑሬ «አንተም ፈርምና መልስልኝ» ብዬህ ነበር፤ ተስፋ ቆርጬ ነው። እንዴት እንደቆረጥሁና እንዴት ሐሳቤን እንደለወጥሁ ከቀን መዝገቤ እያየሁ እነግርሃለሁ። የተናደደ ሰው ቀን ያምታታል፤ ደብተር አያምታታም።

አንተ ከሄድህ ስድስት ዓመት ሆነህ፤ ንሱአኖን ብታያት የእኛ ሰፈር ናት ብትባል አታምንም። ዓሣ የምናጨስባቸው ምድጃዎች የነበሩበት ቦታ ዘንባባ ተተክሎበታል፤ እኛ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ተገፍተናል። የድሮው የካካዎ መጋዘን መስታወት ለብሶ ምግብ ቤት ሆኗል። በውስጠኛው ውሃ ላይ ሦስት ድልድዮች ተዘርግተዋል። ሐሰት አልናገርም፣ ያምራሉ። በተለይ ውሃው ወደ ባሕር በሚወጣበት አፍ ላይ ያለው ነጩ የእግረኞች ድልድይ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥላው ውሃው ላይ ሲወርድ፣ እኔ እንኳ የዓሣ ሳፋዬን እንደተሸከምሁ ቆም ብዬ አይቼዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሽሮች ከታርክዋ ድረስ ፎቶ ሊነሡበት ይመጣሉ። ይምጡ። እኔን የሚያናድደኝ ድልድዩ ዝቅ ብሎ መሠራቱ ነው።

ትናንሾቹ ታንኳዎች በሥሩ ሾልከው ያልፋሉ። የእኛዋን ጨምሮ ትልልቆቹ ሰባቱ ግን ወደ ላይ የቀናው የፊት አፍንጫቸው ይነካል። ባንዲራውን ብናወርድ፣ የመረብ መስቀያውን ብንነቅል፣ አፍንጫውን ምን እናድርገው? የእኛዋ አባባ ከአንድ ግንድ ያስጠረባት ናት፤ የእሷን አፍንጫ ከማስቆርጥ የራሴን ባስቆርጥ ይሻለኛል። በእርግጥ ድልድዩ መሐሉ ይከፈታል። በግንቦት ሲመረቅ ሲከፈት አይተን አጨብጭበን ከነታንኳዎቻችን ወደ ውስጥ ገባን። በማግስቱ ሰሌዳ ተለጠፈ፤ ድልድዩ በሳምንት አንድ ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ይከፈታል ይላል። ማክሰኞ! አንተ በሰው አገር ሆነህ እንኳ ማክሰኞ መቅዘፊያ እንደማትነካ አውቃለሁ።

ሰኔ 7 ቀን ቢሮው ሄድሁ። እትዬ ማንሳም አብራኝ ነበረች፤ ያቺ ከእኛ ቀጥላ የምታጨሰው፣ አንተ ከውፍረቷ የተነሣ «መርከቧ» እያልህ የምትጠራት። የተቀበለን ኢንጂነር አጂማን የሚባል የኩማሲ ልጅ ነው። ጨዋ ነው፣ ተነሥቶ ወንበር ሰጠን። «እትዬ፣ አንድ ወር ሙሉ ሰው አቁመን ታንኳ ስናስቆጥር ነበር» አለኝ። «ሰኞ ሠላሳ ያልፋል፣ ረቡዕ አርባ፣ ማክሰኞ ግን አንድም የለም። ማንንም እንዳንረብሽ ብለን ነው ጸጥ ያለውን ቀን የመረጥነው።» እትዬ ማንሳ ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ሰኞ ሰው ስለሌለባት በሯን ሰኞ ብቻ ልትከፍትልን ነው?» አለችው። እኔም ማክሰኞ የባሕሩ ቀን መሆኑን፣ ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ እንደሚያርፍ ነገርሁት። «ባሕሩም የዕረፍት ቀን አለው እንዴ?» አለ፤ ሊቀልድ ፈልጎ ሳይሆን ጨንቆት ነው። ባሕር በሌለበት አገር ያደገ ልጅ ምን ይፈረድበታል?

ቀኑን ለመለወጥ ኮሚቴ መሰብሰብ አለበት አለን። ኮሚቴው በሦስት ወር አንዴ ይሰበሰባል፤ የሚቀጥለው በመስከረም መጨረሻ ነው። በመስከረም መጨረሻ ደግሞ ዓሣው ሄዷል። ልንነሣ ስንል ግድግዳው ላይ የቤት በር የምታህል ፎቶ አየሁ። የእኛ ታንኳ ናት፤ ከነጩ ድልድይ አጠገብ ቆማለች፣ መረቡ ተዘርግቶባታል፣ ሰው የለባትም። ማክሰኞ የተነሣች ናት። «ጎብኚው ሁሉ እሷን ነው የሚወዳት፤ ለምን ለዘለቄታው እዚያው አትቆምም? እንቀባታለን፣ አበባ እንተክልባታለን» አለኝ። አበባ! አባባ ሠላሳ ዓመት ዓሣ ያወጣባት ታንኳ የአበባ መትከያ ልትሆን!

ከዚያ ወጥቼ የዓሣ አጥማጆቹ አለቃ ዘንድ ሄድሁ። ማክሰኞ ዓሣ ሳናጠምድ በተከፈተው ድልድይ ብቻ አልፈን ውጭ እንድናድር፣ ረቡዕ ሲነጋ እንድንሄድ ለመንሁት። «አራባ» አለኝ፣ «አባትሽ የተረሳ መረብ ላንሣ ብሎ ማክሰኞ ወጥቶ ሁለት በግ ተቀጥቷል። አንቺ ማክሰኞ ተወልደሽ፣ በቀኑ ስም እየተጠራሽ፣ ይህን ትጠይቂኛለሽ?» ቢሮው ባሕሩን አያውቅም፣ አለቃው ቢሮውን አያውቅም። እኔ ሁለቱንም አውቃለሁ፤ ማወቄ አንድም ዓሣ አላመጣልኝም።

ሐምሌ ገባ፣ ሰርዲኑ መጣ። ከባሕሩ ዳር ሆነህ ስታይ ውሃው እንደ ተጣደ ድስት ይፈላል። ትናንሾቹ ታንኳዎች እየሞሉ ይገባሉ፤ ሰባቱ ታስረው ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። ታንኳችን ላይ ከሚሠሩት አሥራ ስምንት ልጆች ስድስቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አክሲም ሄዱ፤ የቀሩትም ልባቸው ተነሥቶ ነበር። አባባ ያሠለጠነው ካፒቴናችን ጋሽ ባዱ ብቻ በየጠዋቱ እየሄደ ውሃ ይጨልፍላታል። «የታሰረ ከብት እንደሚከሳ ታንኳም ይከሳል» ይለኛል። ያን ሰሞን ነው ወረቀቱን የፈረምሁት። ልጆቹ ከተበተኑ ለማን ላቆያት ብዬ ነው።

ሐሳቤን የለወጠው የዘወትር ሥራዬ ነው። እኛ ዓሣ ነጋዴዎች ታንኳ ገና ሩቅ ሳለ ስንት እንደያዘ ጎኑን የሚነካውን የውሃ መስመር አይተን እንደምንገምት ታውቃለህ። ነሐሴ 10 ቀን አንድ መካከለኛ ታንኳ ሲወጣ አፍንጫው ድልድዩን እየፈተገ አለፈ። ከሰዓት በኋላ ዓሣ ሞልቶ ሲመለስ ዝቅ ብሎ፣ ምንም ሳይነካው ገባ። ሳፋዬን አስቀምጬ ጋሽ ባዱን ጠራሁት። በማግስቱ የባሕሩ ውሃ ሸሽቶ ዝቅ ሲል ጠብቀን በቀርከሃ ለካን፤ የጎደለን አንድ ስንዝር ነው። ታንኳዋን አንድ ስንዝር ዝቅ ለማድረግ ስንት ሰው ይበቃል? ጋሽ ባዱ «ሥልሳ» አለ። አንዱ ልጅ ለምን ውሃ አንሞላባትም ቢል፣ «ውሃ ወደ አንድ ጎን ሮጦ ይገለብጣታል፤ ሰው ግን ተቀመጥ ሲሉት ይቀመጣል» አለው። እትዬ ማንሳ «ባሌን አታውቀውም ማለት ነው» አለች።

ነሐሴ 23 ቀን ረቡዕ፣ ጨረቃ በተወለደች በሁለተኛው ቀን፣ ውሃው ከሁሉ ቀን ይበልጥ በሚሸሽበት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ተሳፈርን። ከጋሽ ባዱ ጋር ሥልሳ አንድ ነበርን፤ አጫሾች፣ መረብ ጠጋኞች፣ ሁለት ልብስ ሰፊዎች፣ አንድ ፀጉር አስተካካይ ከነመቀሱ። እትዬ ማንሳ መሐል ላይ ተቀመጠችና «ስትስቁብኝ የኖራችሁ፣ ዛሬ ውፍረቴ ለአገር ጠቀመ» አለች። የድልድዩ ዘበኛ ፊሽካውን እየነፋ ሮጦ መጣ። «እዚህ መቆም ክልክል ነው!» ብሎ ጮኸ። «ማን ቆመ? ተቀምጠናል እኮ!» አለው ፀጉር አስተካካዩ። ከዚያ ሁላችንም ራሳችንን ጉልበታችን ውስጥ ቀበርን። ጋሽ ባዱ አፍንጫዋ ላይ በጀርባው ተኝቶ በሁለት እጁ የድልድዩን ሆድ እየገፋ ወሰዳት። አንድ ጊዜ ተያዘች። እትዬ ማንሳ ወደ ፊት ጠጋ አለች፣ ታንኳዋም አለፈች። ነጩ ድልድይ ሥር የእኛ ቀይ ቀለም እንደ ጭረት ቀርቷል፤ ሄደህ ብታይ ታገኘዋለህ። ትናንሾቹ ታንኳዎች ልጆቹን ይዘው መጥተው ሥልሳችንን ወደ ዳሩ የድንጋይ ደረጃ መለሱን፤ ጋሽ ባዱና ልጆቹ ሞተሩን አስነሡና ሄዱ። እማዬ ከቤት ሆና የሞተሩን ድምፅ ለየችው።

ሐሙስ ሞልታ ተመለሰች። እንደዚያ ቀን የሰፈሩ ሴት ሁሉ የውሃ መስመሯን በጉጉት ያየበት ቀን አላስታውስም። በድልድዩ ሥር ስታልፍ የእጄ መዳፍ የሚያህል ክፍተት ተርፎ ነበር። ዓሣው መራገፍ ሲጀምር ጨፈርን። ተራግፎ ሳያልቅ ግን ጋሽ ባዱ «እትዬ አራባ፣ አራግፈን እዚህ ካሳደርናት ነገ እንደገና ሥልሳ ሰው ልትለምኚ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ግማሹን እንዳለ ትተን መልሰን አስወጣናትና የቀረውን በትናንሾቹ ታንኳዎች አመላለስነው። ዓሣው በፀሐይ ላላ፤ ነጋዴ ነኝና የላላ ዓሣ ምን ማለት እንደሆነ አልነግርህም።

ትናንት ዓርብ ደግሞ ምንም ሳታገኝ መጣች። ባዶ ናትና ከፍ ብላለች፤ ከፍ ብላለችና መግባት አልቻለችም። ማዕበሉ በሚመታበት ውጭ መልሕቅ ጥላ አደረች። ጠዋት መልሕቁ ተንሸራቶ ወደ ቋጥኙ ስትጠጋ ልጆቹ ዋኝተው በገመድ አዳኗት። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ከነጩ ድልድይ ላይ፣ ለጎብኚ ከተሠራው አግዳሚ ወንበር ሆኜ እያየኋት ነው። አሁን አንድ ሙሽራ መጥቶ «እናቴ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልን፣ ታንኳዋ ከኋላችን እንድትታይ ነው» አለኝ። ጠጋ አልሁለት። ምን አጠፋ?

ጋሽ ባዱ ልብሱ ሳይደርቅ አጠገቤ ተቀምጦ «ይህ ድልድይ እንደ ክፉ አማት ነው፤ ባዶ እጅህን ስትመጣ በር ይዘጋብሃል» አለ። ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ሳያልቅ ግን አንተ ትዝ አልኸኝ።

በፋሲካ ከአንተ ዘንድ የመጣው ኩዋሚና የነገረኝን እስከ ዛሬ ደብተሬ ላይ እንኳ አልጻፍሁትም። «ኤኮው ‹የቤተሰቡን የታንኳ ሞተር ይዤ ወጥቼ ባሕር በልቶብኝ ባዶ እጄን ንሱአኖ አልገባም› ይላል» አለኝ። ለእማዬ አልነገርኋትም። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር በር ላይ ወጥታ ትቆማለችና ልነግራት አልቻልሁም።

ይህን ድልድይ እስከ መስከረም መጨረሻ እታገለዋለሁ፤ ኮሚቴው ከተሰበሰበ በኋላም ሳልታገለው አልቀርም። ከአንተ ጋር ግን አታታግለኝ። በቤታችን ደጃፍ ላይ ድልድይ የለም። እማዬ በር ላይ ቆማ የምታየው የውሃ መስመርህን አይደለም። ከአሥራ ስምንቱ ልጆች ስድስቱ ሄደዋል፤ በቀኝ በኩል የአንተ መቅዘፊያ ቦታ ባዶ ነው። ሚስትህንና ልጅህን ይዘህ ና። ወረቀቱንም ይዘህልኝ ና፤ ምድጃ አቀጣጥልበታለሁ።

እማዬ «ልጄን አዶማን ሳላቅፋት ዓይኔ አይጥፋ» ብላሃለች። ጋሽ ባዱ ጉልበትህን ይጠይቃል፤ አሁንም ከእሱ ቀድመህ ትደክም እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። እትዬ ማንሳ «መርከቧ ድልድይ አሳለፈች በለው» ብላለች። ልጆቼ ኤሲና ጆጆ ስማቸው እንዳይረሳ አደራ ብለውኛል፤ ጆጆ አጎቴ ስንት ቀን ይቆያል እያለ ይጠይቀኛል። ለክላሪስ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ አማቷ ክፉ አይደለችም በላት።

እኅትህ አራባ
ሴኮንዲ፣ ንሱአኖ
ቅዳሜ ነሐሴ 26 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ.)