ሊን የምትሰማው እኔን ብቻ ነው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፤ አካላ

ሊን ዛሬ የቃል ፈተናዋን ወደቀች። ከቻይና የመጣች የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ናት፤ አንድ ቤት ተከራይተን አብረን ነው የምንኖረው። እንግሊዝኛ ከኔ የተሻለ ትጽፋለች፤ ሰው ሲናገር ግን ያመልጣታል። ጆሮዋ እንዲለምድ ብለን ሴሚስተሩን ሙሉ እራት ላይ በእንግሊዝኛ ብቻ ስናወራ ከረምን። ፊቷ ግራ ሲጋባ ሳይ አላስችል ይለኛል፤ ያልኩትን ቆራርጬ፣ ቀስ አድርጌ እደግምላታለሁ። እንግዳ እንደማጉረስ ነው። በኋላ የምለው ሁሉ ሲገባት "ጎበዝ፣ ተሻሻልሽ!" እላት ነበር።

ፈታኙ ግን አላጎረሳትም። አጣድፎ ጠየቃት፤ እሷም "ይድገሙልኝ" ማለት አፍራ ዝም ብላ ራሷን ስትነቀንቅ ሰዓቱ አለቀ። ድጋሚ ከወደቀች የተማሪ መኖሪያ ፈቃዷ መታደሱን እንጃ።

ስንመለስ ቱነልባናው፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ ላይ አላለቀሰችም። "አንቺ ስትናገሪ ግን ሁሉም ይገባኛል" አለችኝ። እኔን ልታጽናና! ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

እራት ላይ ጨከንኩና ሳልቆራርጥ፣ በፍጥነት አወራሁባት። ሹካዋን አስቀምጣ አየችኝ።

ወዲያው ቀስ ብዬ ደገምኩላት።