ለኤሊ እንቁላል ያለቀስኩ ዕለት

ቂርያት ማላኪ
እሑድ፣ ዩሊ 3 ቀን 2022

ለሆዴ ልጅ፣ ለሬዑትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ሆድሽስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አባትሽ አሁንም ደሙን ለማጣራት በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ይመላለሳል። ሲመለስ ይደክመዋል፣ ሲደክመው ይነጫነጫል፣ ሲነጫነጭ ደኅና መሆኑን አውቃለሁ።

በወረቀት የጻፍኩልሽ ስልክ አጥቼ አይደለም። በስልክ የምልክልሽን ሁሉ ባልሽ ኢታማር ለእናቱ ለካሪን ያሰማታል። ይህችን ግን ገልብጣም ዘቅዝቃም አታነባትም። ፊደል ያስቆጠርኩሽ ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ፎቶዎቹ ደርሰውኛል። እዚያ በምትኖሩበት በፖርቱጋል ባሕር ዳር ከካሪን ጋር በእግር የሄዳችሁበትን መንገድ አየሁት። ገደሉ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ጎጆዋን የሠራችው ሽመላ፣ ባሏን ስትጠብቅ ድንጋይ ሆና ቀረች የተባለችው ሴት፣ ሁሉም ያምራል። በሰባት ወር ሆድ ማን ገደል ለገደል ይሄዳል ብዬ ልቆጣ ነበር፤ ሐኪሙ ፈቅዶልኛል አልሽ፣ ቤሰደር፣ ይሁን። ግን በየፎቶው የካሪን እጅ ሆድሽ ላይ ነው። ሽመላዋን ስታሳይሽ እጇ እዚያ፣ ውኃ ስትጠጪ እጇ እዚያው። ልጄ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ቀናሁ። እህል አላስበላ አለኝ። ጌዴራ ሳለች ከደጇ እስከ መኪናዋ እንኳ በእግሯ መሄድ የሚከብዳት ሴት፣ እናንተ ዘንድ ከመጣች ወዲህ ተራራ ወጪ ሆና አረፈችው!

ባሕርና ድንጋይ ከሆነ እኛስ ምን አጣን ብዬ ተነሣሁ። ማትናሱ፣ የሰፈራችን የማኅበረሰብ ማዕከል፣ ዓርብ ጠዋት ሴቶችን ባሕር ዳር በእግር ሊያስኬድ ነው ሲባል ስሜን አስጻፍኩ። አባትሽ ሳቀብኝ። "ሳምንቱን ሙሉ ቤኤር ቱቪያ መጋዘን ውስጥ ቆመሽ ትውያለሽ፤ ዓርብ ደግሞ ለመዝናናት ትሄጃለሽ?" አለ። አዎ፣ እሄዳለሁ አልኩት። ፎቶ እልክልሻለሁ ብዬ ነው መቼም።

አውቶቡሱ ጌዴራ ላይ የአክስቴን ልጅ ውብዳርን ጫነ፣ ያቭነን አልፎ አሸዋው ዳር አወረደን። ውብዳር ገና እግሯ መሬት ሲነካ "እስከ ሱዳን የሄድነው አይበቃም ኖሯል?" አለች። መሪያችን ኦሸር የሚባል፣ ወላጆቹ ከጎንደር የመጡ፣ አማርኛው ግን የተሰባበረ ወጣት ነው። ብዙ ሳንሄድ ከቁጥቋጦው ውስጥ ሚዳቋ ብድግ አለች። ቆም ብላ አየችን፤ እኔ ስልኬን እስካወጣ ግን ዘላ ሄደች፣ ፎቶው ላይ የወጣልኝ ቂጧ ብቻ ነው። ልኬልሻለሁ፣ ለካሪን አሳያት። ሽመላ የትም አለ።

ከዚያ የድሮ ወደብ የነበረበት ኮረብታ ላይ ወጣን። ባሕሩ ከታች ተዘርግቷል። ኦሸር እጁን ወደ አሽዶድ ዘርግቶ ዓሣው ዮናስን የተፋው በዚያ በኩል ነው እንደሚባል ነገረን። ዮናስ መጀመሪያ የገባበት ዓሣ ሆዱ ሰፊ ስለነበር ተመቸውና መጸለዩን ረሳ አሉ። እግዚአብሔርም ልጆች ሆዷን ወደሞሉት እርጉዝ ዓሣ አዛወረው፣ እዚያ መፈናፈኛ ሲያጣ ጸለየ። ውብዳር ወገቧን ይዛ "እሺ እሱስ ጸለየ። ለእሷ ማን ጸለየላት?" አለችው። ኦሸር "ያላ፣ እንሂድ" ብሎ አመለጠ። እኔ አንቺን እያሰብኩ ወረድኩ።

የባሕሩን ጠርዝ ይዘን ስንሄድ በሽቦ የታጠረ ቦታ አየሁ። ውስጡ ትናንሽ የአሸዋ ጉብታዎች በረድፍ ተደርድረዋል፣ በየራስጌያቸው ቁጥር ያለበት እንጨት ተተክሏል። እናቴ ታናሽ ወንድሜን አስራትን ሱዳን፣ መጠለያው አጠገብ፣ እንዲህ ያለ አሸዋ ውስጥ እንደቀበረችው ታውቂያለሽ። የሕፃናት መቃብር መሰለኝ። ማንንም ሳልጠይቅ እጄን በሽቦው አሾልኬ ድንጋይ አኖርኩላቸው፣ ሻሼን ፈትቼ "አስራትዬ" እያልኩ አለቀስኩ። ውብዳርም ደረቷን እየመታች ተቀበለችኝ። ለዋና የመጡት ሰዎች ራቁታቸውን ቆመው ያዩናል።

ኦሸር ከፊት እየሮጠ ተመለሰ። "ሎ፣ ሎ፣ ሎ! እማማ፣ ድንጋዩን አንሺ! ይሄ ቀብር አይደለም! ጻብ ነው፣ የባሕር ኤሊ! እንቁላል ነው ውስጡ!"

ውብዳር አሸዋው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም እንባዬን ሳልጠርግ ሳቅሁ። ልጁን አሳዘንኩት መሰለኝ፣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። እናቲቱ ከባሕር ትወጣለች፣ ትቆፍራለች፣ ትጥላለች፣ አሸዋ ታለብሳለች፣ ትመለሳለች። እንስሳት እንዳያወጡባት ሰዎች እንቁላሉን ሰብስበው እዚህ ያጥሩለታል።

"ከዚያስ እናቲቱ መቼ ትመጣለች?" አልኩት።

"አትመጣም። ሲፈለፈሉ ራሳቸው ወደ ባሕር ይሮጣሉ።"

"ማን ይቀበላቸዋል?"

"ማንም። ኤሊ ናቸው እኮ፣ እማማ።"

ሳቄ እዚያ ላይ ቆመ። አውቶቡስ ውስጥ ሁሉ ይዘፍናል፣ እኔ አልዘፈንኩም። በኛ አገር የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። እኔ አንቺን ስወልድ እናቴ አጠገቤ ነበረች፤ አንቺም ስትወልጂ እኔ እኖራለሁ ብዬ ስንት ዓመት ሙሉ ስጠብቅ ኖርኩ። አሁን ሐኪሙ አውሮፕላን ከልክሎሻል፣ እኔም አባትሽን ለማን ጥዬው ልምጣ? ብቻሽን ከምትሆኚ ካሪን ብትኖር ይሻላል። ይህችን አንዲት ነገር ለመጻፍ ምን ያህል እንዳቃተኝ ብታይ ትስቂብኝ ነበር።

ስለዚህ ንገሪያት። ምጡ ሲጠናብሽ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" እያለች አታድርቅሽ፤ አንቺ ስትታመሚ ወሬ አትወጂም። ፀጉርሽንም አትነካካው። ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ትኩሳት ሲይዝሽ የሚያበርድልሽ አንድ ነገር ነው፣ ተረከዝሽን በሁለት እጅ ጥብቅ አድርጎ መያዝ። ግራውን። ጠንከር አድርጋ ትያዘው፣ ብትጮኺም አትልቀቀው። ከወለድሽ በኋላ ብርድ እንዳይመታሽ ወገብሽን ትሰርልሽ። መስኮት መክፈት ትወዳለች፣ እንዳትከፍት።

እልልታውን ግን አልሰጣትም። ልጁ ዱብ እንዳለ ኢታማር ይደውልልኝ። መጋዘን ብሆን ሥራዬን አቁሜ፣ አውቶቡስ ውስጥ ብሆን ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እልል እላለሁ። ስልኩን ከሕፃኑ ጆሮ አጠገብ ያዙለት። ካሪን ለዚያች ለአንዲት አፍታ ዝም ትበል፤ ልጁ መጀመሪያ የእኔን ድምፅ ይስማ።

አባትሽ ሰላም ብሎሻል፣ ውብዳርም። የእስራኤል አምላክ ሳያስጨንቅ ያገላግልሽ፣ ሁለት ሆናችሁ በሰላም ተነሡ።

የወለደችሽ እናትሽ፣
እልፍነሽ