የአባቴ ሚና

ሰኞ፣ ጥቅምት 15/2003

ዛሬም ልምምድ። ማላኪያ ሰፈር። ጄኔሬተሩ ጠፍቶ አዳራሹ ውስጥ በላብ ተጠምቀን። ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልንገር? አዲስ አበባ በስደት እያለን ቴአትር በአንድ ክበብ የጀመርነው እኔና ቶማስ ነን። ዛሬ አገራችን ተመልሰን እሱ የማይሆነው የለም። ባለፈው መድረክ ላይ አሮጊት ሆኖ ሰዉን በሳቅ ገደለ። ፊልም ላይ ወታደር። ሬዲዮ ላይ ቄስ። እኔ? ያው «ጎረቤት»፣ «ሁለተኛ ፖሊስ»። በአዲሱ ቴአትርም አባትየው እሱ፣ ልጁ እኔ። ዳይሬክተሩ፣ ዴንግ አንተ ዝም ብለህ ስማው ይለኛል። መስማት ነው እንግዲህ ሥራዬ!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 17

ጉድ ነው። ቶ. ለአባትየው የምመስለው ሰው አገኘሁ ብሎ ራሱ ተጫውቶ አሳየን። ከመቀመጡ በፊት ሱሪውን ከጉልበቱ ሳብ። ሊቆጣ ሲል ሁለት ደረቅ ሳል። ግራ ትከሻው ዘንበል።

አባቴ ነው! የትምህርት ቤት ዘበኛ የነበረው፣ አገሩን ዳግም ሳያይ አዲስ አበባ የቀበርነው አባቴ። ቶ. ያኔ ቤታችን ምሳ ሲበላ ለካ ያጠናው ነበር። ሌባ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም። የሚያንገበግበኝ ደግሞ፣ ስንት ጊዜ መስታወት ፊት ቆሜ ሞክሬው ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልመጣልኝም።

እሑድ፣ ጥቅምት 21፣ ማታ

ቴአትሩ ታየ። እናቴ ከማንጋቴን ሰፈር በቦዳቦዳ፣ በሞተር ታክሲ መጣች። ከፊት ተቀመጠች። ቶ. ገና ሲያስል እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሲያልቅ እኔን አልፋ ሄዳ እሱን አቀፈችው። አልቅሳ በቋንቋችን መረቀችው። ለኔ፣ አንተም ጥሩ ነህ አለች። አንተም! ማክሰኞ ምሳ ጠርታዋለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 23

ዓሣ በኪስራ፣ በማሽላ ቂጣችን። ቶ. ናይሮቢ ፊልም አግኝቷል። ዋና ተዋናይ። ዓርብ ይበራል። እናቴ እልል አለች። እኔ ቶ.ን ደጅ ይዤው ወጣሁ። አባቴን ሳትጠይቀኝ ለምን ወሰድከው አልኩት። ደነገጠ።

«እኔ እኮ አባት አልነበረኝም፣ ዴንግ። ከማን ልማር?»

በዚህም ቀናሁበት። መከራው እንኳ ከኔ ይበልጣል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 25፣ ከሰዓት

ዳይሬክተሩ ደወለ። ከላስ፣ አለቀ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ አባትየው አንተ ነህ፣ ልክ እንደ ቶ. ተጫወተው አለ። እንደ ቶ.! አስቤ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁ። እምቢ ልል ቆርጫለሁ። እናቴ ዘንድ ሄጄ ነገርኳት። ሳቀች።

«ቶማስ የሚያውቀው በእንግዳ ፊት የሚታየውን ሰውዬ ነው። አባትህ በር ዘግቶ ሲያስጨፍረኝ መቼ አየና? ያየኸው አንተ ነህ።»

እውነቷን ነው። ያኔ ማታ ማታ የዘበኛ ካፖርቱን ያለብሳታል። ድስት ገልብጦ ይመታል። እኔ የተኛሁ መስዬ ከብርድ ልብሱ ሥር አያለሁ። እንዴት ረሳሁት?

ሙኑኪ ሰፈር፣ ክፍሌ ገብቻለሁ። እሺ ልለው ነው። ግን እኔ ስጫወተው፣ ልጁ ሲተኛ አባትየው ብቻውን ይጨፍራል። ጽሑፉ ውስጥ የለም። ዳይሬክተሩ አብደሃል ይበለኝ። ቶ. ከናይሮቢ ሰምቶ ቢቀናብኝ ደስታዬ ነው፣ አልዋሽሽም። እየደወልኩ ነው። ይጠራል። አነሳው።