በብረት አጥር ስለታሰረው ውሻችን

ለተከበሩ አጎት ኪየም፣
የወንፊት ተራ አድባር ቤት ጠባቂና አስጎብኚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
አሮጌው ሰፈር፣ ሃኖይ።

ጉዳዩ፦ ውሻችን ውሻችን አለመሆኑን ስለማሳወቅ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ በዝናቡ ወራት ላስቸገረዎት ወገብዎ፣ እንዲሁም ከዚያው ወገብ ላይ ለማይለየው ቁልፍ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ቁልፉ ሲንቃጨል ከሰማን እርስዎም ደህና እንደሆኑ እናውቃለን፤ ለዚህም ዘወትር እናመሰግናለን። እኔ ስምንተኛ ክፍልን ከተሰናበትኩ ወዲህ ይህን የሚያህል ነገር ጽፌ ስለማላውቅ፣ የፊደል ስህተት ቢያገኙ እንደ ቅርስ ቆጥረው ዙሪያውን እንዲያጥሩት በትሕትና እለምናለሁ።

እንግዲህ ከባድ መርዶ ልነግርዎ ነውና ቆመው ከሆነ ይቀመጡ፤ ተቀምጠው ከሆነም እንደ ልማድዎ እንደተቀመጡ ይቆዩ። መላው የወንፊት ተራ ነዋሪ፣ ወንፊት መሥራት ትተን የስልክ ሽፋን የምንሸጠው ሳንቀር፣ በጥልቅ ሐዘን እንደምናስታውቀው፣ ከቅድመ አያቶቻችን ዘመን ጀምሮ በአድባር ቤታችን ደጃፍ ላይ የተቀመጠው የድንጋይ ውሻ ወይ ሞቷል፣ ወይ ተሰርቋል፣ ወይ ተለውጧል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት ብለን እንጠረጥራለን። መጠርጠር ደግሞ እስካሁን ቲኬት አይቆረጥበትም።

ደብዳቤው ግልጽ ነውና የሌላ ተራ ሰዎችም ያነቡታል፤ ስለዚህ እርስዎ የሚያውቁትን፣ ወይም ድሮ ያውቁት የነበረውን፣ በአጭሩ ልድገመው። ከወንፊት ተራ ተድራ የምትወጣ ልጅ ሁሉ፣ የሙሽራው ሰዎች ሊወስዷት ሲመጡ፣ ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብላ ያንን ባልቴቶች የሚያኝኩትን ከንፈር የሚያቀላ ቅጠል ለውሻው ታጎርሰዋለች፤ በግራ ጆሮውም ስሟን ትነግረዋለች። ይህን የምታደርገው እናት አባቷን ልትጠይቅ ስትመለስ እንደ ባዕድ እንዳይጮህባት ነው። የተማሩ ሰዎች ድንጋይ አይጮህም ይሉናል። እውነታቸውን ነው፣ ጮኾ አያውቅም፤ ሁሉም አጉርሰውታላ!

ታዲያ በዝናቡ ወራት ኮሚቴዎ ውሻውን በአረንጓዴ ሸራ ጠቀለለው። እድሳት ነው ተባልን፤ እሰየው አልን። ሸራው የተነሣ ዕለት ግን ያገኘነው የብረት አጥር፣ የአጥር በር፣ የበር ቁልፍ፣ «አይንኩ፣ አያጉርሱ፣ አይደገፉ» የሚል ሰሌዳ፣ ከሁሉም መካከል ደግሞ እንደ ሆቴል ትራስ የነጣ አንድ ውሻ ነው። ከደጃፉ ፊት ለፊት በረዶ የገባበት ሻይ ሲሸጡ ዕድሜያቸውን የጨረሱት እትዬ ሉዋ ብርጭቆ እንደያዙ ፈዘው ቀሩ።

«ይሄ የኛ አይደለም» አሉ።

«በምን አወቁ እትዬ?»

«የኛው እንደ አዲስ አማች አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚያይ። ይሄ እንደ ተቆጣጣሪ ያፈጣል። እየው፣ እየው፣ ሻዬን ነው የሚያየው!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ሉዋ ሻይ የሚቀዱት ጀርባቸውን ሰጥተው ነው። ኮሚቴዎ ቁጥር እንደሚወድ ስለማውቅ ጥርጣሬያችንን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ጆሮውን በተመለከተ፦ የውሻችን ግራ ጆሮ ግማሹ የለም ነበር። የዛሬው ውሻ ሁለት ሙሉ ጆሮ አለው። ድንጋይ ጆሮ እንደሚያበቅል እኔ እስከደረስኩበት ክፍል ድረስ አልተማርንም፤ ምናልባት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ይሰጥ ይሆናል።

፪. አፉን በተመለከተ፦ ስንት ሙሽራ ያጎረሰችው አፍ እንደ በሰለ ሮማን ቀይ ነበር። ዛሬ ጥርሱን ታጥቦ ለቃለ መጠይቅ የሚቀርብ ሥራ ፈላጊ መስሏል።

፫. መኪናውን በተመለከተ፦ ሸራው ሊነሣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አመሻሹ ላይ፣ ከአድባር ቤቱ ጓሮ አንዲት የጭነት መኪና ቆማ ነበር። ጎረምሶች በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ከባድ ነገር እያቃሰቱ ሲጭኑ፣ እርስዎ በዙሪያቸው እየተሽከረከሩ «እግሩን! እግሩን ተጠንቀቁ!» ሲሉ ተሰምተዋል። የማን እግር እንደነበር በክብር እንጠይቃለን።

፬. ነገሥታቱን በተመለከተ፦ አስጎብኚዎ ቪ ጨዋ ልጅ ናት፤ ድምፅ ማጉያዋ ግን ጨዋ አይደለም፣ እስከ ሱቃችን ይሰማል። ለጠዋት ጎብኝዎች ይህ ውሻ አንድ ንጉሥ ከጎርፍ አዳነ አለች። ከምሳ በኋላ ለመጡት በሌላ ንጉሥ ወጥ ቤት ሌባ ያዘ አለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ለሦስተኛ ንጉሥ በሐዘን ሞተ። እኛ እዚሁ ተወልደን ስለ ንጉሥ የነገረን የለም፤ ወንፊት ሊገዛ የመጣ ንጉሥም አልሰማንም። ጠጋ ብዬ ብጠይቃት «ወንድሜ፣ የሰጡኝን ነው የማነበንበው፤ ጎብኝ ያለ ንጉሥ ፎቶ አያነሣም» አለችኝ። አጎቴ፣ በአንድ ቀን ታሪኩን ሦስት ጊዜ የሚለዋውጥ ፍጡር ፖሊስ ጣቢያ ቢቀርብ ምን እንደሚባል ያውቃሉ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዝም ባልን ነበር፤ ዝም ማለት እናውቅበታለን። ነገር ግን የታናሽ እህቴ የሚየን ሠርግ ደረሰ። ሚየን መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ ማኅተሙ የተነካ ነገር አታምንም። አጥሩ ዳር ቆማ ውሻውን ከላይ እስከ ታች አየችውና «የማያውቀኝን ውሻ ተሰናብቼ አልሄድም፤ ሄጄም ወደ እናቴ ቤት እንደ ባዕድ አልመለስም» ብላ ቤት ገብታ ቁጭ አለች። እናታችን «ኧረ ልጄ፣ ሰው ምን ይላል!» እያለች አለቀሰች። ሰውማ ማለት ጀምሮ ነበር። የሙሽራው የሎክ አክስት ከሃይ ፎንግ ደውለው «ስሙኝማ፣ ልጅቷ የምታገባው የኛን ልጅ ነው ወይስ ውሻውን? ሌላ ሰው ካለ በጊዜ ንገሩን፣ አሳማው ሳይታረድ!» አሉ። ምስኪኑ ሎክም በየማታው እየደወለ «ሚየን፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣም። ውሻ ያላችሁት ማንን ነው?» ይላት ጀመር።

በመጨረሻ ሚየን «እሺ፣ ቀርቤ ልየው» አለች፤ እንግዲህ ወደ ቢሮዎ የመጣሁት በዚህ ጭንቀት ነበር። ስላስተናገዱኝ አመሰግናለሁ። ወንበር ስላልሰጡኝም አመሰግናለሁ፤ ወጣት ሲቆም ያድጋል። የተነጋገርነውን እንዳልረሳው እዚህ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

«አንተ ቶዋን፣ ደግሞ ምን ተንኮል ይዘህ መጣህ?»

«አጎቴ፣ እህቴ ውሻውን ታጉርስና እንሂድ፤ ለአንድ አፍታ አጥሩን ይክፈቱልን።»

«ማጉረስ ክልክል ነው። ማየት ከፈለጋችሁ ከጎብኝ ጋር ተሰልፋችሁ፣ ቲኬት ቆርጣችሁ ግቡ።»

«ውሻው የኛ አይደል እንዴ?»

«ውሻው የሕዝብ ቅርስ ነው።»

«እኛስ አጎቴ?»

«እናንተማ ነዋሪዎች ናችሁ።»

ይህን ጥልቅ ትምህርት ይዤ ወጣሁ። ሕዝብ ማለት በአውቶቡስ የሚመጣ፣ ነዋሪ ማለት አውቶቡሱ ሲያልፍ ግድግዳ ተጠግቶ የሚቆም እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ከሠርጉ በፊት ነው። እዚህ ላይ ደብዳቤውን አቋርጬ ወደ ሠርጉ ሄድኩ።

በሠርጉ ዕለት ትእዛዝዎን በፍጹም ታዛዥነት ፈጸምን። ቲኬት ቁረጡ አሉ፤ ቆረጥን። ለሙሽራዋ፣ ለሙሽራው፣ በቀይ ጨርቅ የተሸፈነውን የስጦታ ትሪ ለተሸከሙት ልጃገረዶች፣ ለእናታችን፣ ለሎክ አክስት፣ ለፎቶ አንሺው፣ በርጩማቸውን ለያዙት ለእትዬ ሉዋ ጭምር ቆረጥን። ቲኬት ቆራጭዎ «ይሄ ሁሉ ሰው ወዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ «ታሪካዊ ቦታ ልንጎበኝ ነው፤ ከሩቅ ነው የመጣነው» አልኩት። ሩቅነቱ አሥር ሱቅ ያህላል። ከዚያም ቢጫ ኮፍያ ካደረጉ ጎብኝዎች ኋላ በጨዋ ደንብ ተሰለፍን። ቪ ወደ ኋላ ዞር ብላ ቀይ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ ስታይ፣ ያ ሁሉ ንጉሥ ከአፏ ጠፋ። ትንሽ ተንተባተበችና «ክቡራን ጎብኝዎች፣ ዛሬ ዕድለኞች ናችሁ! ጥንታዊውን የስንብት ሥርዓት በዓይናችሁ ልታዩ ነው!» ብላ በዚያ ማጉያዋ ለቀቀችው። በሕይወቷ የተናገረችው የመጀመሪያው እውነተኛ ታሪክ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ስልኮች ሁሉ ከፍ አሉ። እርስዎም ቁልፍዎን እያንቃጨሉ ደረሱ፤ ፊትዎ መጀመሪያ እንደ ደመና፣ ስልኮቹን ሲያዩ ግን እንደ መስታወት አብርቶ ፈገግ አለ። በገዛ እጅዎ አጥሩን ከፍተው «ግቢ ልጄ፣ ግቢ፣ የገዛ ቤትሽ አይደል!» አሉ። ይህ ፈገግታዎ ነው ከሁሉ የበለጠ ያስጠረጠረኝ።

ሚየን ገብታ ጎንበስ አለች። ቅጠሉን ግን ወዲያው አላጎረሰችውም። በጥፍሯ የውሻውን ከንፈር ፈገፈገችው። አንዴ ፈገፈገች፤ ነጭ። ደገመች፤ አሁንም ነጭ። እናታችን ዓይኗን ጨፈነች። የሎክ አክስት «እኔ ምን ብያችሁ ነበር!» ማለት ጀመሩ። በሦስተኛው ነጩ ቀለም እንደ ዕንቁላል ቅርፊት ተላጠና ከሥሩ ቀይ ወጣ፤ የእናታችን ቀይ፣ ሁለት ጊዜ ተድረው ሁለቴም ሲመለሱ ያልተጮኸባቸው የእትዬ ሉዋ ቀይ፣ ስማቸውን የማናውቃቸው የሙሽሮች ሁሉ ቀይ።

«እሱ ነው!» አለች ሚየን።

«ማነው?» አለ ሎክ፣ ዙሪያውን እየቃኘ።

አጎረሰችው። ስሟንም ነገረችው፤ በሲሚንቶ የተሞላ ጆሮ ስለነበር ትንሽ ጮክ ብላ ነገረችው፣ ሁላችንም ሰማን። ቢጫ ኮፍያዎቹ አጨበጨቡ፣ እርስዎም አብረው አጨበጨቡ። የሎክ አክስት ፊታቸውን በመሐረብ ሸፍነው ከቆዩ በኋላ «ከሃይ ፎንግ የመጣ ሰውስ ማጉረስ ይችላል?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

በኋላ ወደ ጥግ ስበው የነገሩኝንም በታማኝነት እዚህ አሰፍራለሁ። «ምን ላድርግ ልጄ? ጎብኝዎቹ አፉን እያዩ ማንን ነው የነከሰው፣ ደሙ ነው ወይ እያሉ አስጨነቁኝ፤ ቀለም ቀባሁት። ጆሮው የጎደለ ውሻ ደግሞ ለእንግዳ ያሳፍራል፤ በሲሚንቶ ሞላሁት። መኪናዋ ላይ የተጫነው የሚስቴ አሮጌ ቁም ሣጥን ነው፤ ልጃችን ልትወስደው ብላ። ይኸው ነው!» አሉኝ። ቁም ሣጥኑን ልጅዎ ቤት ሄጄ አይቼዋለሁ። እግሩ ደህና ነው።

ስለዚህ የተከበሩ አጎቴ፣ መላው የወንፊት ተራ ያለቀሰበት፣ አንድ ሠርግ ሊፈርስበት የነበረው ይህ ታላቅ መርዶ ተመርምሮ ሲያበቃ አንድ ቆርቆሮ ነጭ ቀለም፣ አንድ እፍኝ ሲሚንቶና አንድ ቁም ሣጥን ሆኖ ተገኝቷል። እጅግ ትንሽ ነገር ነበር፤ ቀድመው ቢነግሩን ደግሞ ከዚያም ያንስ ነበር። ሸራውን ሲጠቀልሉ እትዬ ሉዋን «ቀለም ልንቀባው ነው» ቢሏቸው ኖሮ፣ ወሬው ሻይ ሳይቀዘቅዝ መንገዱን ሁሉ ያዳርስልዎ ነበር፤ ለዚያውም ያለ ድምፅ ማጉያ።

ቁልፍዎ እንዳይዝግ፣ አጥርዎ እንዳይወላገድ፣ ነገሥታትዎም እንዲበዙ እየተመኘሁ፣ ከጥልቅ አክብሮት፣ ከከፍተኛ አድናቆትና ከማይቀር ጥርጣሬ ጋር እሰናበትዎታለሁ፤

ታዛዥዎ ነዋሪ
ቶዋን፣ ከስልክ ሽፋን ሱቅ

ግልባጭ፦
ለእትዬ ሉዋ፣ ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ሲገኝ፤
ለውሻው፣ በቀኝ ጆሮው።

ከፊርማዬ በኋላ የደረሰ፦ ሙሽሮቹ እንደ ደንቡ ዶሮና የሚጣበቅ ሩዝ ይዘው እናታችንን ሊጠይቁ ትናንት ተመልሰው ነበር። ሚየን አጥሩ ዳር ቆም ብላ ወደ ውስጥ ተመለከተች፤ ውሻው አልጮኸም። እርስዎ ግን ከውስጥ ሆነው «ማናት እሷ! ቲኬት አላት?» ብለው መንገዱ እስኪሰማ ጮኹባት። አስበንበት ጥፋቱን ወደ ራሳችን ወስደናል፤ ይህን ሁሉ ዘመን እርስዎን ማጉረስ ረስተን ኖሯል። ከእንግዲህ ከዚህ መንገድ የምትወጣ ሙሽራ ሁሉ ሁለት ቅጠል ትይዛለች። ትንሽ ነገር ናት አጎቴ፤ አፍዎን ብቻ ይክፈቱ።