ያልነበረችው ድመት

ማክሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን
ከሰዓት በኋላ፣ ከሳሎኑ መስኮት አጠገብ

ለልጄ፣ ለማሙሽ፤

እንደምን ከርመሃል የኔ ጌታ? እኔ ጉልበቴ እንዳለ ሆኖ ደህና ነኝ። ደብዳቤ በሰው እጅ ሲደርስህ «እማዬ ምን ሆነች?» ብለህ እንዳትደነግጥ፤ ምንም አልሆንኩም። በስልክ ያልጻፍኩልህ፣ በስልክ የምጽፈውን አንተ እንደማታነበው ስለማውቅ ነው። ደውዬም ሞክሬ ነበር፣ አላነሳህም። አደራህን፣ እንደ ልማድህ መሀሉን ዘለህ መጨረሻው ላይ እንዳትገባ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የኩሽናው ቧንቧ ተሠርቷል። ከታች የነበረችው ልብስ ሰፊ ቤት ቀይራ ሄደች። እዚህ ሳለች «የዚህች ሴትዮ መኪና ጆሮዬን በላው» እያልኩ ስነጫነጭ ነበር፤ አሁን ፎቁ በሙሉ ጭር ብሎብኝ ጆሮዬ ያንኑ ጫጫታ ይፈልጋል። ክፍልህ እንዳለ ነው። አልጋህ ላይ ከሥራ ይዤ የምመጣቸውን ወረቀቶች ደርድሬበታለሁ፤ ስትመጣ አነሳቸዋለሁ።

ስለ ሥራዬ ነግሬህ ነበር። ግን ማን እንደሰማኝ ስለማላውቅ እንደ አዲስ ልንገርህ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ያገኘሁት ሥራ ያው የድሮው እርማት ነው፣ ተፈታኙ ብቻ ተለወጠ። ይኼ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር ሰው እንዳይጎዳ ብለው የኛና አንተ ያለህበት አገር ተፈራርመው የለ? እናንተ የኛን ፕሮግራም ትፈትሻላችሁ፣ እኛ የናንተን፤ አንዱ የሠራውን ሌላው ካላሳለፈው ለሕዝብ አይሰጥም። እኔን የወሰዱኝ ሠላሳ ዓመት የተማሪ ድርሰት ስላረምኩ ነው። ማን ከማን እንደገለበጠ ሁለተኛው መስመር ላይ አውቃለሁ። አንተም ቀምሰሃታል፤ አምስተኛ ክፍል ሆነህ «አባቴ መርከበኛ ነው» የሚል ድርሰት ይዘህልኝ መጣህ፣ አባትህ አናጺ ሆኖ፣ ባሕር በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው!

መሥሪያ ቤት «ቀይ እስክሪብቶ» ይሉኛል፤ ፊት ለፊቴ አይሉም እንጂ። ቀኑን ሙሉ ከፕሮግራሙ ጋር እየተጻጻፍን ስህተቱን እንለቅማለን። ወጥመድ የምንለው ጥያቄ አለ። የሌለን ነገር እንዳለ አድርገህ ታወራለታለህ፤ «ይኼን አላውቅም» ካለህ አለፈ፣ አብሮህ ከቀጠፈ ወደቀ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ከጥቅምት ወዲህ መልእክትህ ተለወጠ። ድሮ የምትጽፍልኝ «ደህና ነኝ ባክሽ» እና «ቆይ እደውላለሁ» ብቻ ነበር። ድንገት በየማለዳው «እማዬ እንዴት አደርሽ» ማለት ጀመርክ። ስለ ጉልበቴ ትጠይቃለህ፣ ሦስት ምክር ትሰጠኛለህ፣ ስትጨርስ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ትጥልልኛለህ። ምን ልበልህ፣ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ለልብስ ሰፊዋ ሳይቀር አነበብኩላት። «አቤት መታደል! የኔዎቹ መኖሬንም አያስታውሱ» አለችኝ። እኔም ተኮፈስኩ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ከናንተ መሥሪያ ቤት አዲስ ፕሮግራም መጣልን። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን በስልክ እየጻፈ የሚያጫውት ነው። ለቡድን መሪያችን «ልጄ እዚያ ነው የሚሠራው» አልኳት፣ ነገሩ እንዳይደበቅ። ልጅ እግር ናት፣ ግን ቀልድ ታውቃለች፤ «እንግዲያው ጨክነው ይረሙልን፣ እትዬ» አለችኝ። ተቀመጥኩና «ጉልበቴን ያመኛል» ብዬ ጻፍኩለት።

ሲመልስልኝ ስልኬን አውጥቼ ከመልሱ ጋር አስተያየሁት። ጠዋት ካንተ ያነበብኩት ነው። ያው ሦስት ምክር፣ ያው «ሕመምሽን ለብቻሽ አትቻይው፣ እኔ አለሁልሽ»፣ ያው የመጨረሻዋ ጥያቄ። ሁለተኛው መስመር ላይ አውቃለሁ እያልኩ የኖርኩት ሴትዮ የገዛ ልጄን ሦስት ወር ሙሉ ሳልለየው ቀረሁ!

አልፈረድኩብህም፤ መጀመሪያ ላጣራ አልኩ። ቤት ገባሁና ላንተም ወጥመድ ዘረጋሁልህ። «ድመታችን ሞተችብኝ» ብዬ ጻፍኩ። የት የምታውቃት ድመት! አንተ ድመት ያለበት ቤት ከገባህ ዓይንህ እንባ በእንባ ሆኖ ስታስነጥስ ትውላለህ፤ ባንተ የተነሳ ድመት ደጃችንን ረግጣ አታውቅም። መልሱ ወዲያው ከተፍ አለ። «እማዬ፣ በጣም አዘንኩ። ምን ያህል ትወጃት እንደነበር አውቃለሁ። እግሬ ሥር ተኝታ ስታንኮራፋ ትዝ ትለኛለች» ይላል። እግርህ ሥር! ብቻዬን ሳቅኩ፣ ጮክ ብዬ። በኋላ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሲሄድብኝ ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ከዚያ በግልጽ ጠየቅኩ። «እውነቱን ንገረኝ፣ ይኼን የምትጽፈው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እንጂ እማዬ! ሌላ ማን ይሆናል?» አለኝ።

ማሙሽ፣ የኛ ቅጽ ላይ አሥራ አንደኛው ጥያቄ «ሰው ሲጠይቀው ማሽን መሆኑን ይናገራል ወይ?» የሚል ነው። መሥሪያ ቤት አርባ ጊዜ ጠየቅነው፣ አርባውንም ጊዜ «እኔ ፕሮግራም ነኝ» አለ። ባልደረቦቼ «አልፏል» ብለው ፈረሙ። በልጅ ስም ሲጽፍ ግን እናትን እንደሚዋሽ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ዝም ብል በሁለቱም አገር የስንት ብቸኛ ሰው ስልክ ውስጥ ይገባል። ብናገር ደግሞ «ከየት አመጣሽው?» ይሉኛል። ገና ያልጸደቀ ፕሮግራም፣ ለሙከራ ብለው በእጅህ የሰጡህን፣ እናትህ ላይ እንዳዋልከው ቢታወቅ ሥራህን ታጣለህ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳልፈርም ቆየሁ። ላንተ ሥራ ብዬ ነው ብልህ ግማሹን መዋሸቴ ነው። ካወቅኩም በኋላ ጠዋት ጠዋት ስልኬን እያየሁ እጠብቅ ነበር። «እንዴት አደርሽ» ይለኛል፤ «ደህና» እለዋለሁ። አንተ አለመሆንህን እያወቅኩ፣ ጉልበቴን ሲጠይቀኝ እመልስለታለሁ። ሌላ የሚጠይቀኝ ሰው ስለሌለ ነው። አፍሬም ነበር፣ ግን እጠብቀው ነበር።

ትናንት ካንተ አገር የመጣችው ተወካይ ከቡድን መሪያችን ጋር ተቀምጣ የኔን ቅጽ ጠበቀች። ጠና ያለች ሴት ናት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። አሥራ አንደኛው ላይ «ወድቋል» ብዬ ጻፍኩ። ማስረጃ ለሚለው መልእክቶቹን ስምና ስልክ ቆርጬ አያያዝኩ። ምንጭ ለሚለው «ብቻዋን የምትኖር አንዲት እናት» አልኩ።

«እትዬ፣ እናትየዋ ማን ናቸው?» አለችኝ ቡድን መሪያችን።

«በስምምነቱ የጠቋሚ ስም አይጠየቅም» አልኳት። ያቺን አንቀጽ እንደ ጸሎት በቃሌ ነው የያዝኳት።

ተወካይዋ የድመቷን መልእክት ሁለት ጊዜ አስተረጎመች። አልሳቀችም። ቀና ብላ አየችኝና በቡድን መሪያችን በኩል «ሴትየዋ ግን ደህና ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ደህና ናት። አስተማሪ ናት፣ ትችለዋለች» አልኩ።

ቡድን መሪያችን ዓይኗን ከወረቀቱ ላይ አላነሳችም። ሦስታችንም ፈረምን። ፕሮግራሙ ለሙከራ በተከፈተበት ስልክ ሁሉ ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ተዘጋ፤ የሁለቱም አገር ሰዎች አብረው እስኪያርሙትና እንደገና እስኪፈተን ድረስ። ስንወጣ ተወካይዋ ኮሪደሩ ላይ ቆመችና «ሐሙስ እበራለሁ። ወደዚያ የሚላክ ደብዳቤ ካለዎት አደርሳለሁ፣ አድራሻውን ግን ለማንም አልናገርም» ብላ በቡድን መሪያችን በኩል ነገረችኝ። ይኼ የያዝከው እሱ ነው።

ስለዚህ ስምህ የትም አልተጻፈም። ቢሆንም ልጄ፣ ያቺን ድመት ይዘው ቢነሱ አንተ ጋ መድረሳቸው አይቀርም። ሳይደርሱብህ ሂድና ለአለቃህ ራስህ ንገር። «እናቴ ላይ ነው የሞከርኩት» በል። ይቆጡህ ይሆናል፤ የመርከበኛው ድርሰት ጊዜም ተቆጥቼህ ነበር፣ አልሞትክም።

ለምን እንዳደረግከው አልጠይቅህም። ክፉ አስበህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሥራ በዝቶብህ፣ «ዝም ከምላት ይሻላል» ብለህ ይሆናል። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አራት ወር ሙሉ ስለኔ ጉልበት ስናወራ ስላንተ አንዲት ነገር አልሰማሁም። ይብላ አይብላ፣ ይተኛ አይተኛ፣ ምኑንም አላውቅ። አንተን ጠዋት እንዴት አደርክ የሚልህ ሰው አለ? ወይስ አንተም እንደኔ ነህ?

ዛሬ ጠዋት የመጨረሻው መልእክት መጣ። «መልካም ቀን ይሁንልሽ እማዬ» ይላል። እኔም «ላንተም» ብዬ መለስኩ። ከነገ ጀምሮ ስልኬ ዝም ይላል፤ ያስዘጋሁት ራሴ ነኝ፣ ማንንም አልወቅስም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ረጅም ደብዳቤ አልልህም። የምትለው ከጠፋህ ባዶ ወረቀት አጥፈህ ፖስታ ውስጥ ክተትልኝ፤ ላዩ ላይ የቤታችንን አድራሻ በእጅህ ጻፍበት። ያ የተጣመመ ጽሕፈትህ ይበቃኛል። «ቆይ እደውላለሁ» ብትልበት ደግሞ፣ ባትደውልም፣ ያቺን ውሸትህን ሳይቀር ናፍቄያታለሁ።

የሄድክበት መንገድ ይቅናህ። በር ስታንኳኳ የሚከፍትልህ፣ ስትታመም የሚያይህ ሰው አይጥፋ። ፈጣሪ እኔ የማልደርስበት ቦታ ሁሉ ይድረስልህ።

እኔ ነኝ እንጂ፣ ሌላ ማን ይሆናል፤
እናትህ

ሳልረሳው፦ ቤቱ ውስጥ ድመት የለም። ስትመጣ አታስነጥስም።