አባባ መልእክት መጻፍ ጀመሩ

ሰኞ፣ ኅዳር 1
ዛሬም ከቢሮ ወጣ ብዬ ቤት ደወልኩ። ስልኩ ተነሣ። ዝም። አባባ ናቸው። ጉሮሯቸው ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ወዲህ ድምፅ የላቸውም፤ እጀታውን በጣታቸው ካንኳኩ ደኅና ነኝ ማለት ነው። ዛሬ ማንኳኳትም የለ። ሥራዬን ጥዬ በባጃጅ በረርኩ። ደጅ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። በእጃቸው «ረሳሁት» አሉኝ። ንፋስ መውጫ ሁሉ በዜማቸው የሚያውቃቸው መሪጌታ!
እጮኛዬ መ/ር አዲሱ ከመካነ ኢየሱስ ጽፏል። ወደ እሱ ከተማ የጠየቅሁት የሥራ ዝውውር ተፈቅዷል፣ መቼ ነው የምትመጪው ይላል። ምን ልበለው? አባባን ለማን ትቼ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 3
ማስታወሻዬ፣ ዘዴ ተገኘ! ያ ሲም ካርድ ያለው ሽቦ አልባ የቤት ስልክ ለካ መልእክት ይልካል። ትንሽ መስኮት አለችው፣ ፊደሉም አማርኛ። እኛ የያዝነው ለሃሎ ብቻ! ቁልፉን አሳየኋቸው። ተናደዱ። አንዲት «ሾ» ለማግኘት ይህን ሁሉ መጫን! ገፍተውት ወጡ።
ማታ ሽንኩርት እየከተፍኩ ኪሴ ጮኸ። «ዐይኔ ደከመ።» «ዐይኔ»ን በዓይኑ «ዐ» ጽፈው፣ እንደ ደንቡ። ሳቅሁ። ቀጥዬ አለቀስኩ። ከስንት ወር በኋላ የሰማኋቸው መሰለኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 7
ሰላም የለኝም። ስልኩ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። አባባ ያጎነብሳሉ፣ ይጫናሉ፣ ፈገግ ይላሉ። ለእኔ የሚጽፉት ለእርማት ብቻ፤ «ሐሙስ»ን በ«ሀ» ጽፌ ኖሯል። ከማን ጋር ነው? ጠየቅሁ። እጃቸውን አወናጨፉ። ቀናሁ እንዴ? በቤት ስልክ? አዲሱም ዛሬ ደገመ። አልመለስኩለትም። ቤቱ ጠበበኝ፣ ውጪው በረደኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
መልእክቶቹን ከቤቱ ስልክ አነበብኩ። እሳቸው ቤ/ክ ሳሉ። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። የቀድሞ ተማሪያቸው ቄስ ሞላ ናቸው፣ ወገዳ ከተማ የዜማ ጉባኤ ቤት የከፈቱት። «ይምጡልን የኔታ። ዜማውን እኔ እላለሁ፣ እርስዎ ምልክቱን ያርማሉ። ማረፊያዎን አሰናድተናል።» የአባባ መልስ፦ «በሚካኤል ማግሥት እመጣለሁ። ለልጅቱ ገና አልነገርኳትም።»
ለልጅቱ! እኔ ጥያቸው ላለመሄድ ስቃጠል፣ እሳቸው ጥለውኝ ሊሄዱ!

ያው ቀን፣ ከራት በኋላ
ተጣላን። እኔ በአፌ፣ እሳቸው በስልክ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይጫናሉ፣ ኪሴ ይጮሃል። መንገዱ ያንገጫግጫል፣ ቢያምዎትስ፣ ማን ይሰማዎታል? አልኩ። ጠበቅሁ። ቁልፉ ዘገምተኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ተቆጥቼ መጠበቅ አልችልም።
«እዚህ እጦራለሁ። እዚያ አስተምራለሁ።»
ምን አጎደልኩብዎት? ጮኽኩ።
ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ። «ለእኔ ምንም። ለራስሽ ነው ያጎደልሽው። አዲሱን እስከ መቼ ታስጠብቂዋለሽ?»
ስለ ዝውውሩ ትንፍሽ አላልኩም ነበር። ለካ አዲሱም ለቤቱ ስልክ ይጽፍ ኖሯል! ሁሉም በጀርባዬ። ኩርፊያ። ሳልበላ ተኛሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12
ሚካኤል። እስካሁን አልተነጋገርንም። ታቦቱ ወጥቶ ወረብ ሲወረብ አባባ መቋሚያቸውን ይዘው ከኋላ ቆሙ። አንዱ ወጣት ዜማውን ሳተው። የአባባ እጅ ተነሣ፣ አፋቸው ተከፈተ። ምንም። ዙሪያቸውን አዩ። ልብ ያላቸው የለም፣ እልልታው ቀልጧል። እኔ ብቻ አየሁ። እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።
ክርክሬን ተውኩት። ቤት ስንገባ ጋቢያቸውን አጠፍኩ፣ ልብሳቸውን በሻንጣ ከተትኩ።  ከዚያ ኪሴ ጮኸ። «ብርድ ነው፣ ካልሲም ጨምሪ።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፣ መናኸሪያ
መኪና ውስጥ ነኝ። ወገዳ እኔው አደርሳቸዋለሁ፣ ማረፊያቸውን በዐይኔ አያለሁ። ስልኩም በከረጢት አብሮን አለ። ለአዲሱ ጻፍኩ፦ ከወገዳ እንደተመለስኩ ዕቃዬን ጭኜ እመጣለሁ፣ ቤት ፈልግ። ላክሁት። የሚሰማኝ ደስታ ይሁን ፍርሃት እንጃ። ከሄድኩ በኋላ ቢያማቸውስ? ኔትወርክ ቢጠፋስ? ቄስ ሞላን አጥብቄ አደራ ማለት አለብኝ፣ ሾርባ እንደሚወዱ፣ ማታ ማታ እንደሚ— ረዳቱ እየጮኸ ነው፣ አባባ መቋሚያዬ ጣሪያ ላይ አይጫንም ብለው በእጃቸው እየተሟገቱ ከበሩ ላይ ቆመዋል። ልሂድላቸው።